ፍየሎቹን የገደላቸው ገራባው ነው?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን አካባቢ ነው። ጠያቂው በጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ደብዳቤያቸው ረዘም ስለሚል ፍሬ ነገሩን አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ዶክተር፣ 24 ፍየሎችና 7 ጥቁር ራስ በጎች አሉኝ። በጎቹ ዘራቸው ከበርበራ ጠረፍ፣ ጉባን ከሚባለው ቦታ ነው ብሎ ዘመዴ ነው የሰጠኝ። መኖ ስለተወደደ ከጫት ተራ ገራባ (ከጫት የተረፈ ቅጠልና ጭራሮ) እያስመጣሁ እመግባለሁ። ባለፈው እሑድ ሁለት ፍየሎች ግራ ጎናቸው ተነፍቶ ሞቱብኝ። ቅዳሜ ማታ ደህና ነበሩ። እንዲያውም ከጎረቤት ሰርግ የተረፈ እንጀራና ዳቦ ጠግበው ነው ያደሩት። አንዲት እናት ፍየል ደግሞ ከሁለት ወር ወዲህ እየከሳች ነው፤ ሆዷ ግን ትልቅ ነው። ሰው ሁሉ ‹ጫት ላይ የሚረጨው መድኃኒት ነው የፈጃቸው› ይለኛል። ገራባውን ትቼ የፕሮሶፒስ ፍሬ ልጀምር? ደግሞ በጎቹ ምንም በሌለበት በረሃ የሚኖሩ ከሆነ፣ እኔ ጋ ጠግበው እየበሉ ለምን ይጎሳቆላሉ? ልጄ ሁሉንም ሽጠህ አንድ የፈረንጅ ላም ግዛ ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»

ሁለቱን ፍየሎች የገደላቸው ገራባው አይመስለኝም። የሰርጉ እንጀራና ዳቦ ነው።

በደብዳቤዎ ውስጥ ይህን ነገር እግረ መንገድዎን ነው ያነሱት። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው መረጃ እሱ ነው። ፍየል ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እልፍ አእላፍ ሕያዋን ይዛ ነው የምትኖረው። ቅጠሉን፣ ጭራሮውን፣ ገለባውን የሚያብላሉላት እነሱ ናቸው። እነዚህ ሕያዋን የለመዱትን ነው የሚሠሩት። ወር ሙሉ ቅጠል ሲያብላሉ ለኖሩ በአንድ ሌሊት ኪሎ ሙሉ እንጀራና ዳቦ ሲመጣባቸው የሆዱ ሥራ ይዛባል። ዱቄት ነክ ምግብ በፍጥነት ይቦካል፤ ሲቦካ አሲድ ያወጣል። አሲዱ የለመዱትን ሕያዋን ይገድልና አሲድ አምራቾቹን ብቻ ያበዛል። ከዚያ ጨጓራው ከሰውነት ውኃ እየሳበ ይሞላል። ግራ ጎኗ ያበጠው ለዚህ ነው። ፍየሏ ማመንዠኳን ታቆማለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ትተኛለች። ብዙ ጊዜ ከግማሽ ቀን እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ትሞታለች።

የሞቱት ሁለቱ ከመንጋው ጉልበተኞቹ እንደነበሩም እገምታለሁ። በሰርግ ትራፊ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ሌሎቹን በቀንዱ ገፍቶ ቀድሞ የሚጠግበው ነው። ደካማዎቹን ያተረፋቸው ሳይደርሳቸው መቅረቱ ነው። መርዝ ቢሆን ግን ገራባውን ሁሉም ስለሚበሉት ሕመሙ በመንጋው ይሰራጭ ነበር።

የጫት መድኃኒት ጉዳይ የፈጠራ ወሬ ነው ማለቴ አይደለም። በሐረርጌ ጫት ላይ ፀረ ተባይ ይረጫል። አንዳንዱ ገበሬ ረጭቶ በቂ ቀን ሳይቆይ ይቆርጣል። በእነዚህ መድኃኒቶች የተመረዘ እንስሳ ግን ሌላ ምልክት ነው የሚያሳየው። ምራቁ እንደ ውኃ ይወርዳል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህ የሚሆነውም ከበላ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ዘይትም ወተትም አያጠጡ። ቀጥታ ሐኪም ይጥሩ። ለዚህ መመረዝ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ የሚያድነው ግን ቶሎ ከተሰጠ ነው።

ለወደፊቱ አንድ ፍየል እህል ወይም ዳቦ አብዝታ በልታ ብታገኟት በመጀመሪያው ሰዓት ማድረግ የምትችሉት ነገር አለ። የቀረውን ምግብ አንሱ። ደረቅ ገለባ ብቻ ስጧት። ለአንዲት የደረሰች ፍየል 20 ግራም ያህል፣ ማለትም አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውኃ በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ በጉንጯ በኩል አጠጧት። አንገቷን ወደ ላይ አትጠምዝዙ፤ ወደ ሳንባዋ ይገባና እሱ ራሱ ይገድላታል። እዚህ ላይ አደራ የምለው፣ ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር አንድ አይደሉም። ፓውደሩ ውስጥ አሲድ አለ። ሱቅ ስትጠይቁ ዱቄቱን ብቻ ሳይሆን ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን እዩ።

ነጭ ጋዝ ማጠጣትን ከዛሬ ጀምሮ እርሱት። በየሰፈሩ ሲደረግ አያለሁ። ሳንባዋን ያቃጥላል፤ በሕይወት ብትቆይ እንኳ ሥጋዋና ወተቷ ለሰው አይሆንም። ግራ ጎኗን በቢላ መውጋትም እንደዚያው። ሆዷ በአረፋ ወይም በውኃ ከተሞላ በቢላ ቀዳዳ የሚወጣ ነገር የለም። ቁስሉ ግን ያመረቅዛል። እርጥብ ለምለም ቅጠል አብዝታ በልታ በአረፋ ከተነፋች የሚረዳው የምግብ ዘይት ነው፤ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር። የፊት እግሮቿን ከፍ ያለ ቦታ ላይ አቁማችሁ ግራ ጎኗን እሹት። በዳቦና በእህል ለመጣው ግን ዘይት መፍትሔ አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ምን በላች?» ብላችሁ ነው።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ድንገት የሞተ እንስሳ ተነፍቶ ሲገኝ ብዙ ሰው ምክንያቱን ለማየት ሆዱን ይከፍታል። ከመክፈታችሁ በፊት አፍንጫውን፣ አፉንና ፊንጢጣውን እዩ። የማይረጋ ጥቁር ደም ካለ እንዳትነኩት። አባሰንጋ ሊሆን ይችላል። ሬሳው ሲከፈት የበሽታው ዘር አፈር ውስጥ ይገባና ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ሰውንም ይይዛል። ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነግራችሁ በጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል። ቆዳውም አይገፈፍ፣ ሥጋውም ለውሻ አይሰጥ።

አሁን ወደ እናትየዋ ፍየል ልምጣ። የእሷ ጉዳይ ከሁለቱ ጋር አንድ አይደለም፤ እርስዎ ግን አንድ ላይ አድርገውታል። ሁለት ወር ሙሉ እየከሳች ሆዷ ትልቅ የሆነ ፍየል ድሬዳዋ ውስጥ ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፌስታልን ነው። ጫት በፌስታል ይጠቀለላል፣ በክርና በማዳበሪያ ጆንያ ቃጫ ይታሰራል። ገራባው ሲጠረግ ይህ ሁሉ አብሮ ይሰበሰባል። ፍየሏ ቅጠሉን ስትለቅም ፌስታሉንም ትውጠዋለች። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሻሻ ሲገላብጡ የሚውሉ ፍየሎችማ ከዚህ የባሰ ነው የሚገጥማቸው።

የተዋጠ ፌስታል አይፈጭም፣ አይወጣም። ጨጓራ ውስጥ ከክሩ ጋር እየተገመደ እንደ ገመድ ኳስ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ሆዶችን ከፍቼ በሁለት እጄ የማልጨብጠው ጥቅል አውጥቻለሁ። ቦታውን ስለያዘው ፍየሏ ትንሽ በልታ የጠገበች ይመስላታል። ሆዷ ሞልቶ ትራባለች። እርጉዝ ከሆነች ደግሞ ጽንሱና ፌስታሉ ለአንድ ቦታ ይሻማሉ።

ይህን የሚያሟሟ መድኃኒት የለም። የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ። ቀዶ ሕክምና ይቻላል፤ ሆድ ተከፍቶ ይወጣላታል። ወተቷ ብዙ ለሆነ ወይም ዘሯ ለሚፈለግ ፍየል ያዋጣል። ከዚያ በፊት ግን ባለሙያ በእጁ ዳሶ ይያት። መክሳት ከሆድ ትላትልም፣ ከጥርስ ማለቅም ይመጣል። የዓይኗ ቆብ ውስጡ ነጭ ከሆነ ደም የሚመጥ ትል ሊኖርባት ይችላል፤ እሱ ደግሞ በመድኃኒት ይድናል። ጥርሷንም ገልጣችሁ እዩ። የፊት ጥርሷ የረገፈ አሮጊት ፍየል ምንም ብትቀለብ አትወፍርም።

ፌስታሉን የሚያስበላት አንድ ነገር የጨው እጦት ነው። ፍየል ጨውና ማዕድን ሲጎድላት ግድግዳ ትልሳለች፣ አጥንት ታኝካለች፣ ጨርቅና ፌስታል ታላምጣለች። እርስዎ በደብዳቤዎ ላይ የዘረዘሩት መኖ ውስጥ ጨው የለም። ከአፋር የሚመጣው ጨው ርካሽ ነው። አንድ ቁራጭ አሞሌ በረቱ ጥግ ከዝናብ ተከልሎ ሁልጊዜ ይንጠልጠል። ራሳቸው መጥነው ይልሱታል።

ስለ ገራባ ያለኝ አቋም ከሰፈር ሰው ይለያል። ገራባ ደህና መኖ ነው። ከማሽላ አገዳ የተሻለ ፕሮቲን አለው። በሐረርና በድሬዳዋ ከተማ ፍየል ርቢ የቆየው በዚህ ነው። የአወዳይ ጫት ገበያና ጫት ተራ እያሉ የከተማ ፍየል የምትቀምሰው አታጣም። ችግሩ ብቻውን ሲሰጥ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ምላስን የሚያጨማድድ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ታኒን ከፕሮቲኑ ጋር ይጣበቅና ፍየሏ እንዳትጠቀምበት ያደርጋል። ፍየል ይህን ከበግ በተሻለ ትቋቋመዋለች፤ ተፈጥሮዋ ቅጠል በል ነውና። በግ ግን ሣር በል ነው። ሰባቱ በጎችዎ የተጎሳቆሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንደ ፍየል ስለተመገቡ ነው።

ገራባ የሚያነቃቃውን የጫት ንጥረ ነገርም ይዟል። ትኩሱ ገራባ የበዛበት ፍየል ዕረፍት ያጣል፣ ደረቅ መኖ ይንቃል። ጠዋት የሰበሰባችሁትን በቀጭኑ ዘርግታችሁ ብታጠወልጉት ኃይሉ ይቀንሳል። ቅጠሉ ሲደርቅ ዋነኛው አነቃቂ ወደ ደካማው ይለወጣልና። ክምር አድርጋችሁ ግን አታሳድሩት። በድሬዳዋ ሙቀት እርጥብ ክምር በአንድ ሌሊት ይሞቃል፣ ይሻግታል። የሻገተ ገራባ ይጣል። እርጉዝ ፍየል ይህን ከበላች ልታስወርድ ትችላለች። ሌላው ወተቱ ነው። በሚያጠቡ እናቶች ላይ እንደታወቀው የጫት ንጥረ ነገር ወደ ወተት ያልፋል። ስለዚህ ገራባ የምትበላ ፍየል ወተት ለሕፃን አይሰጥ። ለአዋቂም ቢሆን ይፈላ። ጥሬ የፍየል ወተት የውርጃ በሽታን ወደ ሰው ያመጣል፤ ለወራት የሚያተኩስና መገጣጠሚያን የሚያደቅ ሕመም ነው።

ፕሮሶፒስን በተመለከተ ጥያቄው ራሱ መስተካከል አለበት። በአፋር በኩል «ወያኔ» የሚሉት እሾሃማ ዛፍ ማለት ነው። በ1970ዎቹና 80ዎቹ እ.ኤ.አ. በረሃማነትን ይገታል ተብሎ ተተከለ፤ አሁን ግጦሹን ወርሮታል። ቅጠሉን ፍየል አትወደውም። ፍሬው ግን ጣፋጭ ነው፤ ስኳርም ፕሮቲንም አለው። ስለዚህ እንደ መኖ ጥሩ ሐሳብ ነው። እርስዎ ግን «ገራባውን ትቼ» ነው ያሉት። ያ ስህተት ነው። ፍሬውን ዋና ምግባቸው ያደረጉ ከብቶችና ፍየሎች ከወራት በኋላ መንጋጋቸውን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ይጎዳል። ማላመጥ ያቅታቸዋል፣ ምላሳቸው ይወጣል፣ ምግብ ከአፋቸው ይፈሳል። ከዚያ አይመለሱም። የፍሬው ድርሻ ከዕለቱ ደረቅ መኖ አንድ አምስተኛ አይብለጥ።

ደግሞ ሳይፈጭ አይሰጥ። የፍሬው ዘር ጠንካራ ቅርፊት አለው። ፍየል ስትውጠው ሳይፈጭ በበጠጡ ይወጣል። ፕሮቲኑ ያለው ዘሩ ውስጥ ስለሆነ ጥቅሙ ያመልጣችኋል። ከዚያም የረገጠችው ሜዳ ሁሉ ላይ ይበቅላል። የጎረቤት አርብቶ አደር ግጦሽ እናንተ በዘራችሁት እሾህ ይታጠራል። ፍሬውን በፀሐይ አድርቃችሁ፣ ሲሰበር ድምፅ ሲሰጥ፣ ወፍጮ ቤት አስፈጩት። እርጥብ ከሆነ ስኳሩ ወፍጮውን ያጣብቀዋል፤ ባለወፍጮውም ሁለተኛ አይቀበላችሁም።

የጉባኑ ጥያቄ ግን በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ሰው በውስጡ የሚይዘውን ነገር ነው ያወጡት። «ምንም በሌለበት በረሃ የሚኖር በግ እኔ ጋ ለምን ይጎሳቆላል?» የመጀመሪያው ስህተት «ምንም በሌለበት» የሚለው ነው።

ጉባን በሶማሊኛ «የተቃጠለ» ማለት ነው። በሶማሌላንድ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ እስከ ተራራው ግርጌ ያለው ጠፍ ሜዳ ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በርበራ ላይ በዓመት የሚዘንበው ከ100 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ድሬዳዋ ከ600 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። በቁጥር ካየነው የእኛው ገነት ነው። ነገር ግን የጠረፉ አርቢ መንጋውን አንድ ቦታ አስሮ አይቀመጥም። ጉባን ላይ ዝናቡ የሚጥለው በብርድ ወራት፣ ከኅዳርና ታኅሣሥ ጀምሮ ነው። ያኔ ሜዳው ያቆጠቁጣል፤ አርቢው መንጋውን ይዞ ይወርዳል። ሙቀቱና አቧራማው ነፋስ ሲጀምር ደግሞ ተራራውን ወጥቶ ኦጎ ወደሚባለው ደጋ ይሄዳል። እዚያ የሚዘንበው በሌላ ወቅት ነው። በጉ ሁለት አገር አለው ማለት ነው። አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይለመልማል።

በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ሲሄድ ይመርጣል። ከአንዱ ግራር ፍሬ፣ ከሌላው ቁጥቋጦ ጫፍ፣ ከወንዝ ዳር ሣር ይለቅማል። የጠረፍ ቁጥቋጦ ብዙው ጨዋማ ስለሆነ ጨዉን ከመኖው ጋር ያገኛል። በጭራው ሥር ያለው ስብ ስንቁ ነው። በጥሩ ወቅት ይሞላል፤ በክፉ ወቅት ከዚያ ያወጣል። ይህ በግ ከመቶ ዓመት በላይ ባሕር ተሻግሮ ሲሸጥ የኖረ ነው። በእንግሊዝ ዘመን የኤደን ጦር ሰፈር ሥጋውን የሚያገኘው ከበርበራ ነበር። ያን ሁሉ ያደረገው ሳይበላ አይደለም። ጥቂት ግን ብዙ ዓይነት እየበላ ነው።

እርስዎ ጋ ያለው በተቃራኒው ነው። ብዙ ነው፤ ግን አንድ ዓይነት ነው። መሄድ የለም፣ መምረጥ የለም፣ ጨው የለም። የጥላውና የውኃው ነገርም አለ። ድሬዳዋ ቀትር ላይ በቆርቆሮ ሥር የቆመ በግ ፀሐይ ላይ ካለው ብዙም አይሻልም። ከቆርቆሮው ሥር የማሽላ አገዳ ወይም ሰሌን ይደረብ። ለእያንዳንዱ በቀን ከ3 እስከ 5 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይታሰብ፤ ለምታጠባ ከዚያ በላይ።

ከጉባን ይልቅ ለእርስዎ ሁኔታ የሚቀርበው ትምህርት ያለው በቅርብ፣ የሐረርጌ ገበሬ ጋ ነው። የሐረር ሰንጋ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የተጠራው በግጦሽ አይደለም። ገበሬው መሬት የለውም። አንድ ወይም ሁለት በሬ ደጁ ላይ ያስርና በእጁ ያጎርሳል። ማሽላውን አጥብቆ ይዘራና እያሳሳ የነቀለውን ይሰጠዋል። አረሙን፣ የበቆሎውን ቅጠል፣ የስኳር ድንች ሐረጉን ይቀጥላል። በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ እየቀያየረ ነው። በሬው ያልጨረሰውን አይከምርበትም፤ ያነሳለታል። እርስዎም መሬት የለዎትም፣ እንስሳዎቹም ታስረው ነው የሚበሉት። ስለዚህ የእርስዎ አስተማሪ እሱ ነው። ማሽላውን በተመለከተ ግን ላስጠንቅቅዎ። በድርቅ የጠወለገ ለጋ ማሽላ ወይም ከታጨደ በኋላ ያቆጠቆጠ ቅንቡጥ ውስጥ በደቂቃዎች የሚገድል መርዝ ይኖራል። የደረሰና የደረቀ አገዳ ግን አያሰጋም።

ወደ ላሟ እንምጣ። ልጅዎ ለአባቱ አስቦ ነው፤ ምክሩ ግን ለድሬዳዋ አይሆንም። ከተማዋ ያለችው ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የፈረንጅ ደም የበዛባት ላም ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ መብላት ትቀንሳለች፣ ወተቷም ይወርዳል፣ እርግዝናም ይቸግራታል። ድሬዳዋ አብዛኛውን ዓመት ከዚያ በላይ ናት። አንዲት የምትታለብ ላም በሙቀት በቀን ከ60 እስከ 100 ሊትር ውኃ ትፈልጋለች። ሳቢያን ላይ ቧንቧ በስንት ቀን አንዴ እንደሚመጣ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። መኖዋ ደግሞ የ15 ፍየል ያህል ነው። ከሁሉም በላይ አንዲት ላም ከሞተች ያለዎት ሁሉ ሞተ ማለት ነው። ባለፈው እሑድ ሁለት ፍየሎች ሞተው 22 ቀሩ። ሐረር ወይም ሐረማያ ቢሆኑ፣ አየሩም ቀዝቀዝ ስለሚል መልሴ ይለወጥ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ግን አይግዙ።

ታዲያ ምን ያድርጉ? መንጋውን ይቀንሱ እንጂ አይጨርሱት። እስኪ እናስላ። ያሉት 22 ፍየልና 7 በግ በአማካይ 25 ኪሎ ይመዝናሉ ብንል እያንዳንዱ በቀን ወደ 900 ግራም ደረቅ መኖ ይፈልጋል። በጠቅላላ 26 ኪሎ ማለት ነው። ትኩስ ገራባ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው። ሁሉንም በገራባ ልሙላ ቢሉ በየቀኑ 70 ኪሎ ማስመጣት ይኖርብዎታል። ያን ያህል እየመጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ እንስሳዎቹ ግማሽ ሆድ ነው የሚያድሩት፤ ፌስታሉንም፣ የሰርጉንም ዳቦ በዚያ ስስት የዋጡት ለዚህ ነው።

15 የሚሆኑ ሴት ፍየሎችን ከአንድ ጥሩ አውራ ጋር ያስቀሩ። ወጠጤዎቹንና ሙክቶቹን፣ ጥርስ የጨረሱትንም ለአረፋ ይሽጡ። አረፋ በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ ቀኑን አስቀድመው ይቁጠሩ። ማድለቡን ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብለው ይጀምሩ። ሰባቱን በጎችም ከእነዚህ ጋር ይሽጧቸው ነው የምልዎት። ልብዎ እንደወደዳቸው ደብዳቤዎ ይናገራል። ግን የታሰረ ግቢና የቅጠል መኖ የፍየል እንጂ የዚያ በግ ኑሮ አይደለም።

ለሚቀሩት ፍየሎች በቀን በነፍስ ወከፍ የምመክረው ይህን ነው። የተለቀመና የጠወለገ ገራባ ግማሽ ኪሎ። የኦቾሎኒ ገለባ ወይም የማሽላ አገዳ ተከትክቶ 400 ግራም። የተፈጨ የፕሮሶፒስ ፍሬ 150 ግራም። ፉርሽካ 100 ግራም። የኦቾሎኒ ገለባ ከባቢሌ በኩል ሲመጣ ካገኙ ከአገዳው ያስቀድሙት፤ ለፍየል ከእሱ የሚሻል ድርቆሽ በዚህ አካባቢ አላውቅም። ግን ሻጋታ የሸተተውን ገለባም ሆነ የኦቾሎኒ ፋጉሎ አይግዙ። የኦቾሎኒ ሻጋታ ጉበት የሚያበላሽ መርዝ አለው፤ ወደ ወተትም ያልፋል። ወደዚህ መኖ የሚሸጋገሩትም በአንድ ቀን ሳይሆን በሁለት ሳምንት ነው። አዲሱን በየሁለት ሦስት ቀኑ ጨመር እያደረጉ ይሂዱ። የሰርግና የሐዘን ቤት ትራፊ ሲመጣ ደግሞ አይመልሱ፣ ሰው ይቀየማል። ያድርቁትና ለአንድ ፍየል ከአንድ እፍኝ ሳያልፍ ለብዙ ቀን ያከፋፍሉት።

ገራባውን መሬት ላይ አያፍስሱ። ከፍ ያለ የሽቦ ወይም የእንጨት መደብ ያሠሩና እዚያ ላይ ይራገፍ። ፌስታሉና ክሩ በእጅ ይለቀም። ከዚያ ሁሉ የሚሻለው ከምንጩ መያዝ ነው። ከሁለት ሦስት የጫት ሻጭ ሴቶች ጋር ይነጋገሩ። ንጹሕ ጆንያ ይስጧቸው፤ ገራባውን ብቻ ለይተው ያስቀምጡልዎ። ትንሽ ብር ቢከፍሉበትም ከአንድ የሞተ ፍየል ይረክሳል።

ክትባቱን ደብዳቤዎ አላነሳውም፤ ያሳስበኛል። ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ ገበያ ውስጥ ካለ አንድ በግ ተነስቶ መንጋ ይጨርሳል። ክትባቱ አንዴ ከተሰጠ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይቆያል። የፍየል ሳንባ በሽታና የፈንጣጣ ክትባት ደግሞ በየዓመቱ ይሰጥ። ክትባቶቹ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታሉ፤ በወረዳው የእንስሳት ጤና በኩል ይጠይቁ። ከገበያ የሚገዙት አዲስ እንስሳ ከመንጋው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

እናትየዋን ፍየል በዚህ ሳምንት ያስመርምሯት። ዓይኗ ከነጣ የትል መድኃኒት ተሰጥቷት ወር ይጠበቅ። ዓይኗ ቀይ፣ ጥርሷም ሙሉ ሆኖ በግራ ጎኗ እንደ ሊጥ የሚጎደጉድ ነገር ከተገኘ ፌስታል ሳይሆን አይቀርም። እርጉዝ ካልሆነችና አሁንም ቆማ የምትሄድ ከሆነ ሳትብስባት ትታረድ። ከመታረዷ በፊት ግን የትል መድኃኒት ከወሰደች ቀኑን ይቁጠሩ፤ መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የሥጋ መከልከያ ጊዜ ሳያልፍ አትበላም። ሆዷ ሲከፈት ልጅዎ ቆሞ ይይ። የሚወጣውን ፌስታል ለእነዚያ ጫት ሻጮችም ይውሰዱና ያሳዩአቸው፤ ጆንያውን ለምን እንደሰጧቸው ያኔ ይገባቸዋል።